«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት፦ የዲጂታል አገልግሎቶች የጫና ፍተሻ እና የተገልጋዩ ጥቅም

እንደሚታወቀው በወረቀትና በመስኮት ይሰጡ የነበሩ በርካታ የመንግሥት አገልግሎቶች ወደ በይነ መረብ ተሸጋግረዋል፤ የቀሩትም በመሸጋገር ላይ ይገኛሉ። ንግድ ፈቃድ ማደስ፣ ግብር ማሳወቅ፣ ለፓስፖርት ማመልከት፣ የፈተና ውጤት መመልከት በስልክ ወይም በኮምፒዩተር የሚከናወኑ ጉዳዮች ሆነዋል። በዚህም ተገልጋዩ ከሥራው ቀርቶ በየቢሮው የሚንከራተትበት ጊዜ ቀንሷል። ወረፋው ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ከቢሮው ደጃፍ ተነሥቶ ወደ ሰርቨሩ ገባ እንጂ። ቀድሞ ተሰላፊው ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ በዓይኑ ቆጥሮ «ዛሬስ አይደርሰኝም» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። አሁን ከፊቱ አሥር ሰው ይኑር አሥር ሺህ አያውቅም፤ የሚያየው ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ ምልክት ብቻ ነው። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ገጹ ይጠፋበታል፤ ተነሥቶ ወደ ቢሮው ቢሄድ ደግሞ «ሲስተም የለም» ይባላል።

«ሲስተም የለም» የሚለው አነጋገር ብዙ ነገር በአንድ ቃል ይሸፍናል። መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ የኢንተርኔት መስመር ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያው የይለፍ ቃሉ ተዘግቶበትም ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ቀኑና ሰዓቱ ሳይቀር አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችለው አንዱ ምክንያት ግን ሲስተሙ ከአቅሙ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣበት የሚፈጠረው መጨናነቅ ነው። የምዝገባ ማብቂያ ቀን፣ የውጤት ቀን፣ የግብር ማሳወቂያ ወር መጨረሻ ሁሉም በቀን መቁጠሪያ ላይ የተጻፉ ናቸው። በእነዚህ ቀናት ለሚፈጠረው መጨናነቅ «ሳይታሰብ የመጣ» የሚለው ማብራሪያ አሳማኝ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የጫና ፍተሻ የሚባለው አሠራርም የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አዲስ ድልድይ ለትራፊክ ከመከፈቱ በፊት አሸዋ ወይም ጠጠር የጫኑ ከባድ ተሽከርካሪዎች በላዩ እንዲቆሙ ተደርጎ ምን ያህል እንደረገበ የሚለካበት አሠራር አለ። የጫና ፍተሻም በመሠረቱ ይኸው ነው። ለዚሁ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች እንደ ብዙ ሺህ ተገልጋዮች ሆነው ወደ ሲስተሙ ይገባሉ፤ ስም ይሞላሉ፣ ሰነድ ያያይዛሉ፣ ክፍያ ይሞክራሉ። ባለሙያዎችም ሲስተሙ መልስ ለመስጠት የወሰደበትን ጊዜ፣ ያቋረጣቸውን ጉዳዮች ብዛት፣ መጀመሪያ የደከመውን ክፍል ይመዘግባሉ። ፍተሻው ብዙ መልክ አለው። አንዱ የሚጠበቀውን ያህል ሰው አስገብቶ ማየት ነው። ሌላው ሲስተሙ እስኪወድቅ ድረስ ቁጥሩን እየጨመሩ ወሰኑን መፈለግ ነው። ቀኑን ሙሉና ሌሊቱን ጭምር ያለማቋረጥ የሚደረግም አለ፤ በመጀመሪያው ሰዓት ደህና የነበረ ሲስተም የሰርቨሩ ማኅደረ ትውስታ ቀስ በቀስ ሞልቶ በአሥረኛው ሰዓት ሊቆም ይችላልና። በድንገት፣ ልክ ውጤት ይፋ ሆኗል በተባለበት ደቂቃ እንደሚሆነው፣ ሕዝቡን በአንድ ጊዜ አፍስሶ የሚደረግም አለ።

ይህ ሁሉ የባለሙያ ጉዳይ ቢመስልም ከጀርባው ያለው ስሌት ቀላል ነው። ለምሳሌ አንድን ቅጽ በአንድ ሰዓት ውስጥ 60 ሺህ ሰዎች መሙላት ይፈልጋሉ እንበል። ይህ በደቂቃ 1,000 ሰው ማለት ነው። ቅጹን ለመሙላት አንዱ ሰው 12 ደቂቃ ከወሰደበት፣ በማንኛውም ቅጽበት ሲስተሙ ውስጥ 12 ሺህ ሰው አለ። እነዚያው 60 ሺህ ሰዎች በአሥር ሰዓት ውስጥ ተከፋፍለው ቢመጡ ግን በአንድ ጊዜ የሚገኙት 1,200 ብቻ ናቸው። ሰዉም ያው፣ ቅጹም ያው ሆኖ ሳለ የጫናው ልዩነት አሥር እጥፍ ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ ቅጹ አጥሮ መሙያ ጊዜው ከ12 ደቂቃ ወደ 6 ቢወርድ፣ አንድም ሰርቨር ሳይገዛ ጫናው በግማሽ ይቀንሳል። አላስፈላጊ ጥያቄዎችን ከቅጽ ላይ መሰረዝ የአስተዳደር ማሻሻያ ብቻ ሳይሆን የአቅም ግንባታም መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገርም።

የፍተሻ ውጤት ሲቀርብም ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። አንድ ሲስተም «በአማካይ በ4 ሰከንድ ገደማ መልስ ይሰጣል» ቢባል መልካም ይመስላል። ነገር ግን ከመቶ ተገልጋዮች 95ቱ በ1 ሰከንድ፣ የቀሩት 5ቱ ደግሞ በ60 ሰከንድ ቢስተናገዱም አማካዩ ከ4 ሰከንድ በታች ይሆናል። እነዚያ አምስቱ አንድ ሙሉ ደቂቃ የጠበቁ፣ ምናልባትም ገጹ ተቋርጦባቸው እንደገና የጀመሩ ናቸው። አምስቱ እነማን እንደሆኑ መጠየቅም ተገቢ ነው። ብዙውን ጊዜ መስመራቸው ደካማ የሆነ፣ በአሮጌ ስልክ የሚጠቀሙ ወይም ከኢንተርኔት ቤት በደቂቃ እየከፈሉ የሚሠሩ ሰዎች ሆነው ይገኛሉ። አማካይ ቁጥር የሚደብቀው በትክክል እነዚህን ነው።

የጫና ፍተሻን ጥቅምና ወሰን ለማየት የሁለት አገሮች ልምድ ጥሩ ማሳያ ነው። አንደኛው ፍተሻው የተናገረው ሳይሰማ የቀረበት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ፍተሻው ታልፎም አገልግሎቱ የወደቀበት።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 21 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ዜጎች የጤና መድን የሚገዙበትን ሄልዝኬር ዶት ጎቭ የተባለ ድረ ገጽ ከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ወደ ገጹ የመጣው ሕዝብ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ነበር። ባለሥልጣናቱ በአንድ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሺህ ሰው ጠብቀው ሳለ እስከ 250 ሺህ ሰው መምጣቱን ገለጹ። ኋላ ላይ ይፋ በሆኑ የውስጥ ማስታወሻዎች መሠረት በዚያ ቀን ምዝገባቸውን እስከ መጨረሻው ያጠናቀቁት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ችግሩ በመጀመሪያ የተገለጸው በሕዝቡ ብዛት ነበር። ይህ ማብራሪያ ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ይናገራል። ገጹ ከመከፈቱ ጥቂት ቀናት በፊት በተካሄዱ ፍተሻዎች ሲስተሙ በመቶዎች በሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች እንኳ መንገዳገዱ ከጊዜ በኋላ ታውቋል። ፍተሻው የሚጠበቅበትን ሠርቶ ነበር፤ የመክፈቻው ቀን ግን አስቀድሞ ተቆርጦ ስለነበር ውጤቱን ተመልክቶ «እንዘግይ» የሚል ውሳኔ አልተሰጠም። ወደ ኋላ የማይመለስ ቀን ከተቆረጠ በኋላ የሚደረግ ፍተሻ ከመዘገብ ያለፈ ፋይዳ አይኖረውም።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ አገር ተገልጋይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የመጨናነቁ ሥፍራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰዉ የተገታው መድን ከሚመረጥበት ገጽ ላይ ሳይሆን ከበሩ ላይ ነበር። ዋጋ ለማየት ብቻ የመጣ ሰው ሳይቀር አስቀድሞ አካውንት መክፈትና ማንነቱን ማረጋገጥ ይጠበቅበት ነበር። ይህ ውሳኔ ሕዝቡን ሁሉ በአንድ ጠባብ መግቢያ እንዲጋፋ አደረገው። ኋላ ላይ አካውንት ሳይከፈት መረጃ ማየት እንዲቻል ተደረገ፤ ሲስተሙ ሲሞላ ተገልጋዩን በወረፋ የሚያቆይና ተራው ሲደርስ በኢሜይል የሚጠራ ማቆያ ገጽም ተዘጋጀ። በዲሴምበር 2013 መጀመሪያ ገጹ በአንድ ጊዜ 50 ሺህ ሰዎችን፣ በቀን ደግሞ 800 ሺህ ጉብኝቶችን የማስተናገድ አቅም ላይ መድረሱ ተገለጸ።

እንደ ፋይዳ ያለ የዲጂታል መታወቂያ ለበርካታ አገልግሎቶች የማንነት ማረጋገጫ እየሆነ በሄደ ቁጥር ይህ የበር ጥያቄ ለኢትዮጵያም ክብደቱ ይጨምራል። አንድ የጋራ በር መኖሩ ለተገልጋዩ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለየመሥሪያ ቤቱ የተለየ ፋይልና የተለየ የይለፍ ቃል መያዝ አይጠበቅበትም። ሆኖም በሩ ከተጨናነቀ ከጀርባው ያሉ አገልግሎቶች ሁሉ ደህና ሆነው ሳለ እንደተዘጉ ይቆጠራል። በስልክ አጭር መልእክት የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ካለ ደግሞ የቴሌኮም መስመሩም የሰንሰለቱ አካል ይሆናል፤ ቁጥሩ ዘግይቶ ሲደርስ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ይገኛል፣ ተገልጋዩም ሌላ ቁጥር ይጠይቃል፣ በዚህም ጫናው ይጨምራል። ስለዚህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ገጽ ለብቻው ፈትሾ «አልፈናል» ቢል በቂ አይሆንም። በሩ፣ ክፍያው፣ መልእክቱና የመረጃ ቋቱ አብረው፣ በአንድ ቀን፣ እንደ እውነተኛው ቀን ሆነው መፈተን አለባቸው።

ሁለተኛው ልምድ የአውስትራሊያ ነው። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2016 (ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም.) የሕዝብ ቆጠራ አካሄደ፤ አብዛኛው ቤተሰብም ቅጹን በኢንተርኔት እንዲሞላ ተጠየቀ። ቢሮው ሲስተሙ በሰዓት 1 ሚሊዮን ቅጾችን መቀበል እንደሚችልና ይህም ከሚያስፈልገው እጥፍ መሆኑን አስቀድሞ ለሕዝብ አስታውቆ ነበር። የጫና ፍተሻውም ተደርጎ ታልፏል። በቆጠራው ምሽት ግን፣ ቤተሰቡ እራቱን በልቶ ወደ ኮምፒዩተሩ በሚቀርብበት ሰዓት፣ ገጹ ተዘጋ። እስከዚያ ድረስ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቅጾች ገብተው ነበር። አገልግሎቱ እንደገና የተከፈተው 40 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። ቅጹን ለመሙላት ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው በቀን እስከ 180 የአውስትራሊያ ዶላር ሊቀጣ እንደሚችል ይነገረው ስለነበር፣ ፈልጎ ያልቻለው ሰው የቱን ያህል እንደተጨነቀ መገመት አያዳግትም።

የመንግሥት የሳይበር ደኅንነት አማካሪ የነበሩት አላስቴር ማክጊቦን ነገሩን መርምረው ሪፖርት አቀረቡ። በዕለቱ በገጹ ላይ ከውጭ የማጨናነቅ ጥቃት ተሞክሮ ነበር፤ ጥቃቶቹ ግን መጠናቸው አነስተኛ፣ ሊመጡ እንደሚችሉም አስቀድሞ ሊገመት የሚገባ ነበር። የዜጎች መረጃ አልተሰረቀም። ሲስተሙ የወደቀው ጥቃቱን ለመከላከል የታሰበው ዘዴ በሚገባ ባለመሥራቱና አንድ ራውተር ከቆመ በኋላ እንደሚጠበቀው ባለመነሳቱ ነው። ሥራውን የወሰደው አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ ተወካዮች ለአገሪቱ ሴኔት ሲያስረዱ፣ ራውተሩን አጥፍቶ በማብራት ብቻ ቢፈተሽ ኖሮ ጉድለቱ አስቀድሞ ሊታይ ይችል እንደነበር ገልጸዋል። በሰዓት አንድ ሚሊዮን ቅጽ የመሸከም አቅም የተሰናከለው አንድን ዕቃ አጥፍቶ የማብራት ያህል ቀላል የሆነ ፍተሻ በመቅረቱ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው፣ የአውስትራሊያው ፍተሻ የተጠየቀውን ጥያቄ በትክክል መመለሱ ነው። ጥያቄው «ስንት ሰው ይችላል?» የሚል ነበር። «አንዱ ክፍል ቢወድቅ የቀረው ምን ይሆናል? በስንት ደቂቃስ ይነሳል?» የሚለው ግን በሚገባ አልተጠየቀም። ለተገልጋዩ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። አሥር ደቂቃ ተቋርጦ የሚመለስ አገልግሎት ያስቆጣል፤ ሁለት ቀን የሚቋረጥ ግን መብት ያሳጣል።

ቢሮው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ ቆጠራውን እንደገና ሲያካሂድ ሲስተሙን ከማጠናከር በተጨማሪ የሕዝቡን አመጣጥም ለወጠ። ዜጎች የመግቢያ ቁጥሩን የያዘው ደብዳቤ እንደደረሳቸው፣ የቆጠራውን ምሽት ሳይጠብቁ፣ ቅጹን መሙላት እንዲችሉ ተደረገ። አሥር ሚሊዮን ገደማ ቤቶች በአንድ ምሽት ከመጋፋት ይልቅ በብዙ ቀናት ተከፋፍለው ገቡ። ቆጠራው ያለ እንከን ተጠናቀቀ፤ ምላሽ የሰጡ ቤቶች ድርሻም 96.1 በመቶ ደረሰ። ከላይ በ60 ሺህ ሰዎች ምሳሌ የታየው ስሌት በአገር ደረጃ ሲሠራ ይህን ይመስላል።

ወደ አገራችን ሁኔታ ስንመለስ፣ ሕዝብን በጊዜ ማከፋፈል የሚቻልባቸውና የማይቻልባቸው አገልግሎቶች መኖራቸውን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የንግድ ፈቃድ እድሳት ከመጀመሪያው ወገን ነው። ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለው ስድስት ወር ሲሆን፣ ይህ ለማንኛውም ሲስተም ሰፊ ጊዜ ነው። ይሁንና ጊዜው ሰፊ ስለሆነ ብቻ ሰዉ በራሱ ተከፋፍሎ አይመጣም። ነጋዴው ሐምሌ ላይ «ገና ነው» ይላል፤ ኅዳርም ያልፋል፤ የታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ሲደርስ ሁሉም በአንድነት ይነሳል። በዚህ ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ሚዛናዊ አይሆንም። የግብር ክሊራንስ የሚያገኝበት ጊዜ፣ የገንዘብ አቅሙ፣ የሒሳብ ሠራተኛው መዘግየት ሁሉ ወደ መጨረሻው ቀን ይገፉታል። በየወሩ ለተለያዩ ዘርፎች የሚላክ የማስታወሻ መልእክት፣ ቀድመው ለሚመጡ የሚሰጥ ማበረታቻ ከብዙ ሰርቨር የሚበልጥ ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ግን ከሁለተኛው ወገን ነው። በ2016 ዓ.ም. ፈተናውን የወሰዱት ከ680 ሺህ በላይ ተማሪዎች ነበሩ። ውጤት ይፋ ሆኗል በተባለ ጊዜ ተማሪው ብቻውን አይደለም የሚመጣው፤ እናቱ፣ አባቱ፣ አጎቱ፣ ጎረቤቱ፣ በውጭ አገር ያለ ዘመዱ ሁሉ በየስልካቸው ያንኑ ቁጥር ያስገባሉ። «ነገ ተመልከቱ» ቢባሉ የሚሰማ የለም፤ የሚጠበቅባቸውም አይደለም። ውጤቱ በድረ ገጽ፣ በአጭር የስልክ መልእክትና በቴሌግራም ጭምር እንዲታይ የሚደረገው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ በሮቹ ሲበዙ ግፊያው ይቀንሳል። ይህ መልካም አሠራር የሚሠራው ግን ሦስቱም በሮች ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል የሚያስገቡ ካልሆነ ነው። ከኋላ ያለው የመረጃ ቋት አንድ ከሆነ፣ ፍተሻው ሦስቱን መንገዶች በአንድ ጊዜ ሞልቶ መደረግ ይኖርበታል። ፈተናውን በኮምፒዩተር መስጠት ሲጀመር ደግሞ ሌላ ዓይነት ጫና መጥቷል። በዚያን ጊዜ የሚመጣው ሕዝብ የታወቀ ነው፤ ቁጥሩም ሥፍራውም ተመዝግቧል። ነገር ግን ሁሉም «ጀምር» የሚለውን የሚጫኑት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው፤ የሚቋረጥባቸውም ነገር የገጽ ጉብኝት ሳይሆን ፈተና ነው።

በእኛ አገር ሁኔታ የጫና ፍተሻ የሚስተው ሌላ ጉዳይ የመስመር ፍጥነት ነው። ፍተሻው በአዲስ አበባ፣ ፈጣን መስመር ካለው ክፍል ውስጥ ሲካሄድ እያንዳንዱ ሰው ሰራሽ ተጠቃሚ ሰነዱን በሁለት ሰከንድ ያስገባና ይወጣል። ከወረዳ ከተማ በደካማ ኔትወርክ የሚሠራው እውነተኛው ተገልጋይ ግን ያንኑ የተቃኘ ሰነድ ለማስገባት ሦስትና አራት ደቂቃ ይወስድበታል። በዚህ ጊዜ ሁሉ በሰርቨሩ ላይ አንድ ቦታ ይዞ ይቆያል። ቀደም ሲል እንደታየው የቆይታ ጊዜ ሲረዝም በአንድ ጊዜ ሲስተሙ ውስጥ የሚገኘው ሰው ይበዛል። በመሆኑም በፈጣን መስመር ለ10 ሺህ ሰው ይበቃል የተባለ ሲስተም በደካማ መስመር ከዚያ ባነሰ ሊሞላ ይችላል። ፍተሻውን ዘገምተኛ መስመር አስመስሎ ማካሄድ በቴክኒክ አስቸጋሪ አይደለም፤ የፍተሻ ፕሮግራሞቹ ይህን ያስችላሉ። የሚያስፈልገው በሥራ ዝርዝሩ ላይ መጠየቁ ነው።

የተገልጋዩ ባሕርይም እንዲሁ። ገጹ ሲዘገይ ማንም ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ደግሞ ይጫናል፣ ሌላ ገጽ ይከፍታል፣ በሌላ ስልክ ይሞክራል። አንዱ ሰው ሦስት ጊዜ ሲሞክር ለሲስተሙ ሦስት ሰው ነው። ሲስተሙ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ግፊያ ሳይሆን ከዘገየ በኋላ በሚመጣው በዚህ ተደጋጋሚ ሙከራ ነው። ወድቆ ሲነሳም ተስፋ ያልቆረጠው ሕዝብ በሙሉ በሩ ላይ ቆሞ ስለሚጠብቀው ወዲያው ተመልሶ ይወድቃል። በክፍያ ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ከመዘግየት ያልፋል፤ ገንዘቡ ከሒሳቡ ወጥቶ ደረሰኙ ያልመጣለት ሰው «አልሄደም» ብሎ እንደገና ይከፍላል። አንድን ክፍያ ሁለት ጊዜ እንዳይቀበል ተደርጎ የተሠራ ሲስተም በጫና ጊዜም ይህንን ጠብቆ መቆየቱ ከፍጥነቱ እኩል ሊፈተሽ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም አገልግሎት ሊቋረጥ ይችላል። ያን ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ የሕግና የፍትሕ ነው፦ ቀነ ገደቡ ሲስተሙ በተዘጋበት ሰዓት ቢያልፍ ጉዳቱን ማን ይሸከማል? ቀደም ሲል የተጠቀሰው የአሜሪካ የጤና መድን ምዝገባ የመጀመሪያ ዙር እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2014 ሲያበቃ፣ በዚያው የመጨረሻ ቀን ሕዝቡ በሚሊዮኖች መጣ፤ ገጹም ለሰዓታት ተቸገረ። አስቀድሞ የተወሰነው ግን ከቀነ ገደቡ በፊት ምዝገባ ጀምረው ያልጨረሱ ሰዎች ተጨማሪ ቀናት እንዲሰጣቸው ነበር። መርሁ ቀላል ነው፤ በሩ ሲዘጋ ግቢው ውስጥ ተሰልፎ የነበረ ሰው ይስተናገዳል። በወረቀት ዘመን በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራበት ልማድም ይኸው ነበር፤ ከ11 ሰዓት በፊት ግቢ የገባ ሰው ሳይስተናገድ አይወጣም። ልማዱ ወደ ዲጂታሉም ሊሻገር የሚችለው ሲስተሙ የገባውን ሰው ሰዓቱን መዝግቦ ሲይዝና ይህም አስቀድሞ በመመሪያ ሲጻፍ ነው።

በሕግ በኩል ተገልጋዩ ባዶ እጁን አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና መዝገብ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ ስለዚህ በስልክ የደረሰ የማረጋገጫ መልእክት ወይም ከሲስተሙ የወጣ የማመልከቻ ቁጥር እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ በአስተዳደር ተቋማት ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ቅሬታ የሚያቀርብበትን መንገድ ይደነግጋል። አስተዳደራዊ በደል ደርሶብኛል የሚል ዜጋ ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለትም ይችላል። እነዚህ መንገዶች የሚጠቅሙት ግን ማስረጃ ለያዘ ሰው ነው፤ «ሲስተሙ እምቢ አለኝ» የሚል ቃል ብቻውን ለቅሬታ ሰሚው አስቸጋሪ ነው።

በመሆኑም ተገልጋዮች በበይነ መረብ ሲስተናገዱ የሚከተለውን ልብ ቢሉ ይጠቀማሉ። ቀነ ገደብ ላለው ጉዳይ ከመጨረሻው ሳምንት በፊት መጀመር፣ ካልተቻለም ማመልከቻውን ከፍቶ የማመልከቻ ቁጥር መያዝ ይመረጣል፤ ማታ ዘግይቶ ወይም በማለዳ መሥራትም ብዙ ጊዜ ያፋጥናል። የሚያያዙ ሰነዶች በተፈቀደው መጠን አንሰው ቢዘጋጁ መስመሩ ደካማ በሆነበት አካባቢ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ገጹ ሲዘገይ ደጋግሞ ከመጫን ለጥቂት ደቂቃዎች መጠበቅ ይሻላል። ስህተት የሚገልጽ ጽሑፍ ከመጣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጎ የስክሪኑን ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያም በተቋሙ የጥሪ ማዕከል ወይም የቅሬታ መቀበያ ማስመዝገብና የተመዘገበበትን ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል። በተለይ ክፍያ ላይ እያሉ ከተቋረጠ፣ ዳግም ከመክፈል በፊት የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክትን ማየት፣ ገንዘቡ መውጣቱ ከተረጋገጠም የግብይት ቁጥሩን ይዞ ተቋሙን መጠየቅ ተገቢ ነው። የግብይት ቁጥሩ በመልእክቱ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ መልእክቱን ከስልክ ላይ አለማጥፋት ይመከራል።